ከአልጋ እስከ መስኮት 9 እርምጃ

የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ርዝመት። ገልብጬ ከኋላ ስከፍተው ግን የሌላ ሰው ደብተር ይመስላል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ከአልጋ እስከ መስኮት 9 እርምጃ። ሁለት ጊዜ።»

ያንን ያስጻፍኩት ቀዶ ጥገና በተደረገልኝ በማግስቱ ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። 48 ዓመቴ ነው። ከመታመሜ በፊት ለወራት የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የሥራ ብዛት ነው አልኩ። ዕድሜ ነው አልኩ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ሲደርስ ተመረመርኩና ደም ማነስ ተባልኩ። ደሙ የት እንደሚሄድ ሲፈለግ ትልቁ አንጀቴ ላይ ዕጢ ተገኘ። እኔ ሳላውቀው ቀስ እያለ ይደማ ነበር። ይህን በረጅሙ አልተርከውም። ግን ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ካለባችሁ፣ ወይም ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ እባካችሁ አታሳድሩት።

ወደዚያች ጠዋት ልመለስ። ነርሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባችና «ዛሬ እንነሳለን» አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ሆዴ ከተሰፋ አንድ ሌሊት እንኳ በቅጡ አላለፈውም። ስፌት ደግሞ ሥራዬ ነው። ሲወጠር ከየት እንደሚጀምር፣ እንዴት እንደሚተረተር አውቃለሁ። «ሲስተር፣ ይፈታብኛል» አልኳት። «አይፈታም። ትራሱን ሆድዎ ላይ ይቀፉት። በጎንዎ ዞር ይበሉ። መጀመሪያ እግርዎን ያውርዱ» አለችኝ። ከዚያ እያነሳችኝ ምክንያቱን ነገረችኝ። ብዙ ሲተኛ እግር ውስጥ ደም ይረጋል። ሳንባ በደንብ አይሞላም። ቀዶ ጥገና የነካው አንጀትም እንቅልፍ ላይ ነው፣ መራመድ ይቀሰቅሰዋል።

ዘጠኝ እርምጃ። ላብ አጠመቀኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ውጭ ያለውን አላየሁም። ጠርዙን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ግን ደረስኩ። ከሰዓት በኋላ ደገምኩት። ማታ ልጄን ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ደብተር ጀርባ ላይ እንድትጽፍልኝ ለመንኳት። ለምን እንዳስጻፍኳት ያን ጊዜ አላውቅም። ምናልባት ልክ መመዝገብ ስለለመድኩ ይሆናል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የላብራቶሪ ውጤቱ መጣ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ግን አብረው ከወጡት 19 ንፍፊቶች ሦስቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል። ደረጃ 3 ይባላል። ሐኪሜ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። ዓላማው ማዳን ነው። በዓይን የማይታይ የቀረ ነገር ካለ እሱን ለማጥፋት ኬሞ ያስፈልጋል። በየሁለት ሳምንቱ፣ 12 ዙር። ስድስት ወር ማለት ነው።

ኬሞ ሲባል እኔ የማስበው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ መድኃኒት ሲንጠባጠብለት ነበር። የእኔ ግን ግማሹ እቤት ነበር። ከደረቴ ቆዳ ሥር፣ ከአጥንቱ ዝቅ ብሎ፣ ፖርት የሚባል ትንሽ ነገር ተቀመጠልኝ። በዚያ በኩል ሆስፒታል ውስጥ ኦክሳሊፕላቲን የተባለ መድኃኒት ለሁለት ሰዓት ይሰጠኛል። ከዚያ ፍሎሮዩራሲል የተባለውን በ46 ሰዓት ቀስ ብሎ የሚያስገባ ፓምፕ ይታሰርልኝና ወደ ቤት እሄዳለሁ። ፓምፑ ባትሪም ድምፅም የለውም። ጠርሙስ መሳይ ነገር ውስጥ ያለ ፊኛ ነው። ፊኛው በራሱ ጊዜ እየኮመተረ መድኃኒቱን ይገፋዋል። ወገቤ ላይ የምትታሰር ከረጢት ራሴ ሰፋሁለት። ሁለት ኪስ፣ ለስላሳ ገበር፣ ለቱቦው መውጫ ቀዳዳ። ሌሊት ትራሴ ሥር አደርገዋለሁ። ጠዋት ፊኛው ምን ያህል እንደሟሸሸ አያለሁ። ከረጢቷን ታጥቄ ኮሪደሩን እመላለሳለሁ።

«ዕረፊ» ያላለኝ ሰው የለም። እህቴ በየቀኑ ትደውላለች፤ «ተኛሽ?» ትለኛለች። ጎረቤቴ ውኃ የያዘ ጆግ ስታየኝ ከእጄ ትነጥቀኛለች። ከፍቅር ነው። ድሮ ሐኪሞችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ጉልበትሽን ቆጥቢ። አሁን ግን ምክሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ሰብሳቢነት ከተለያዩ አገራት የተውጣጡ ባለሙያዎች ያለውን ጥናት ሁሉ ገምግመው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ማድረግ የካንሰርን ድካም፣ ጭንቀትንና ድባቴን እንደሚቀንስ አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የአሜሪካ የክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ማኅበር፣ ሐኪሞች ለመዳን ሕክምና ላይ ላሉ ታካሚዎቻቸው እንቅስቃሴን እንዲመክሩ መመሪያ አወጣ። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን ሕክምናው ላይ እያሉ።

ይህን ስሰማ ከሁሉ የገረመኝ የድካሙ ነገር ነው። የኬሞ ድካም ተኝተው የሚነሱበት ድካም አይደለም። አሥር ሰዓት ተኝቼ እንደተደበደበ ሰው እነሳ ነበር። እንቅልፍ ያልጠገነውን ድካም መራመድ ያቀለዋል ሲሉኝ አላመንኩም። እስክሞክረው ድረስ።

ሐኪሜ መጠኑን እንደ መድኃኒት አዘዙልኝ። «ከ10 ደቂቃ ይጀምሩ። እየተራመዱ ማውራት መቻል አለብዎት። ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል» አሉኝ። ለጡንቻ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከዚያ ላስቲክ መሳብ። ላስቲክ በቤቴ ሞልቷል። ለቀሚስ ወገብ የምጠቀመውን ሰፊውን ወስጄ ከበሩ እጀታ ጋር አሰርኩት። ሆዴ ገና ስለነበር ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ ላስቲኩን የጀመርኩት ኬሞው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ደብተሩ ሥራውን የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በየቀኑ ማታ እጽፋለሁ። ስንት ደቂቃ። ስንት ጊዜ ከወንበር ተነሳሁ። ጎን ለጎን አንድ ቃል። «ደህና»፣ «ከባድ»፣ «አልቻልኩም»። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ገጾቹን ደርድሬ አየኋቸው። ቅርፅ አላቸው! የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ለማቅለሽለሽ መከላከያ ተብሎ ከሚሰጠኝ ዴክሳሜታሶን የተነሳ፣ እንቅልፍ አልባ ግን ንቁ ነኝ። ፓምፑ በተነቀለ ማግስት እወድቃለሁ። አራተኛውና አምስተኛው ቀን መሬቱን እነካለሁ። ከሰባተኛው ጀምሮ እነሳለሁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ላይ እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ እንደገና።

አራተኛው ቀን ምን እንደሚመስል ያላየው ሰው አይገባውም። አካል ብቻ አይደለም የሚወድቀው። ግድግዳውን እያየሁ «በቃ፣ ከዚህ በኋላ ሰው አልሆንም» እላለሁ። ያን ጊዜ የማንም ማጽናኛ አይሰማኝም። «በርቺ» የሚለው ቃል ራሱ ሸክም ይሆንብኛል። ያልበረታሁት ስላልፈለግኩ ይመስል። ግን ደብተሩን እከፍታለሁ። ያለፈው ዙር አራተኛ ቀን ላይ በራሴ የተንጋደደ ጽሕፈት «4 ደቂቃ። ከባድ። አለቀልኝ።» ይላል። ወደታች እሄዳለሁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን፤ «38 ደቂቃ። ደህና። ከልጄ ጋር ሳቅን።»

አላለቀልኝም ነበር ማለት ነው። ያኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፣ ግን አላለቀልኝም ነበር።

ተስፋ ሲባል እኔ የማውቀው ልብ ውስጥ የሚበራ ነገር ነበር። ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። በእነዚያ ወራት ልቤ ውስጥ ብዙ ጊዜ አልነበረም። ደብተሩ ውስጥ ግን ነበር፤ በእጄ ጽሕፈት፣ በቁጥር። ስለዚህ በወደቅኩ ቀን ልቤን አልጠይቀውም። ጫማዬን አደርግና አራት ደቂቃ እሄዳለሁ። አራቷን እጽፋታለሁ። ለሚቀጥለው ዙር ለምትወድቀው ለራሴ የማስቀምጥላት ነው።

ብርዱን ሳልነግራችሁ። ኦክሳሊፕላቲን የሚወስድ ሰው ብርድ ያጠቃዋል። የመጀመሪያው ዙር ማታ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ጠርሙስ ስይዝ ጣቶቼን መብረቅ የመታቸው መሰለኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ስጎነጭ ጉሮሮዬ የተዘጋ፣ ትንፋሽ የማይገባኝ መሰለኝ። ትንፋሽ ሳይዘጋ የተዘጋ የሚያስመስል ስሜት እንደሚፈጥር አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፣ ቢሆንም በጣም ደነገጥኩ። ለብ ያለ ነገር በቀስታ ስጠጣ ለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣ የምከፍተው በጓንት ነው። ጠዋት ውጭ ስሄድ አፍና አፍንጫዬን በሻርፕ እሸፍናለሁ። ከመድኃኒቱ በኋላ ባሉት ቀናት ከናካቴው ውጭ አልወጣም። ኮሪደር አለ። ደረጃ አለ። ወንበር አለ።

ያልተንቀሳቀስኩባቸው ቀናትም አሉ። እነሱንም ጽፌያቸዋለሁ። ሰባተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ደሜ ሲታይ ኢንፌክሽን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት፣ 800 ላይ ወርደው ነበር። ዙሩ በአንድ ሳምንት ተላለፈ። ተቃጠልኩ። መጨረሻውን ቆጥሬ ስጠብቅ ወደኋላ የተመለስኩ መሰለኝ። ያን ሳምንት ሰው የሚበዛበት ቦታ አልሄድኩም። እቤቴ ውስጥ ብቻ ተመላለስኩ። ሙቀቴ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ «እስኪነጋ ልየው» ሳልል ወዲያው እንድደውል ተነግሮኝ ነበር። አንድ ሌሊት 38.2 ሆነ። ደወልኩ። ሁለት ቀን ተኝቼ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። እነዚያ ሁለት ቀናት ደብተሩ ላይ «0» ነው የሚለው። ዜሮዋን ስጽፍ አላፈርኩም። ትኩሳት ላይ ያለ ሰው፣ ያስታወከና ውኃ ያጠረው ሰው፣ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው መራመድ የለበትም። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቱ በጣም የወረደ ሰውም እንዳይወድቅ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ልኩን የሚወስደው የራሳችሁ ሐኪም ነው። የእኔ ልክ ለእናንተ አይሆንም።

ኬሞ የምንወስድበት ክፍል ውስጥ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ከጎኔ ያለው ወንበር የእሳቸው ነው። መድኃኒቱ እየወረደላቸው ይነሱና የተሰቀለበትን ባለጎማ ብረት እየገፉ ክፍሉን ይዞራሉ። ቀስ ብለው፣ ሰው ሁሉ ጋ እየቆሙ። አንዷን «ዛሬ ፊትሽ በራ» ይሏታል። ሌላውን «ልጅህ ተመረቀ?» ይሉታል። መጀመሪያ የሚያዝናኑን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ አይደክምዎትም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ስቀመጥ ነው የሚደክመኝ። ስቀመጥ ስለ ራሴ አስባለሁ» አሉኝ። ዘጠነኛው ዙር ላይ እኔም ብረቴን ይዤ ተነሳሁ። ሁለታችን ስንዞር ሌላ ሴት ተጨመረች።

ጋሼ አሁን የሉም። የእሳቸው ካንሰር ጉበታቸው ላይ ደርሶ ነበር፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ይህን የምጽፈው በሆነ መንገድ «ተንቀሳቅሰው ነበር፣ ታዲያ ምን ጠቀማቸው?» ለሚል ሰው ነው። እሳቸው የዞሩበት ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ ምን እንደጠቀመ አውቃለሁ። የመጨረሻ ወራቸውን ከሰው ጋር ቆመው እያወሩ ነው ያሳለፉት።

ሰው ታሪክ ይልክልኛል። በብዛት የጀግና ታሪክ ነው። አንድ ዘመዴ ስለ ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ላከልኝ። በአጥንት ካንሰር የቀኝ እግሩን ያጣ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር ካናዳን አቋርጦ ሊሮጥ ተነሳ። በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ያን ያነበብኩት አራተኛ ቀኔ ላይ ነበር። አለቀስኩ። የእኔ አራት ደቂቃ ምንም እንዳልሆነ ተሰማኝ። በኋላ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ፈልጌ አነበብኩት። ያቆመው አገሩን ሳይጨርስ ነው። ማሳል ጀምሮት፣ ደረቱን አሞት፣ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ አለ፤ ካንሰሩ ሳንባው ላይ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚካሄደው ሩጫ ዛሬም በየዓመቱ በብዙ አገራት አለ፤ ብዙ ሰው ደግሞ በእግሩ እየተራመደ ነው የሚጨርሰው። ዘመዴ የላከልኝ ታሪክ ውስጥ ማቆሙ አልነበረም። ለታመመ ሰው ግን ያ ክፍል ያስፈልገዋል። እሱም ሲያመው ቆሟል።

አሥረኛው ዙር አካባቢ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። «እማዬ፣ ይኸው ያንቺ ነው! ያንቺው ካንሰር!» አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ቀዶ ጥገናና ኬሞ የጨረሱ 889 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ለሦስት ዓመት በአሠልጣኝ እየታገዙ እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። ግማሾቹ ስለ ጤና የሚመክር ጽሑፍ ብቻ ተሰጣቸው። ብዙዎቹ ያደረጉት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከተንቀሳቀሱት መካከል 80 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 74 በመቶ ገደማ ነበሩ። በስምንተኛው ዓመት በሕይወት የነበሩት 90 እና 83 በመቶ ናቸው።

ሁለቴ አስነበብኳት። ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ከመቶ ሰው ስድስት፣ ሰባት ሰው ማለት ነው። እኔ ግን እነዚያን ሰባት ሰዎች ኬሞ ክፍላችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ግማሽ ክፍል ናቸው። ሐኪሜን ስጠይቃቸው ደስ አላቸው፣ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ጥናቱ የተደረገው ኬሞ ከጨረሱ በኋላ ነው፣ ኬሞውንም አልተካም። «እርስዎ አሁን የሚያደርጉት ልምምዱን ነው። ዋናው ሲጨርሱ ይጀምራል» አሉኝ። እንዲህ ተብዬ ስወጣ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለሚመጣው ዓመት ያሰብኩት ያን ቀን ነበር።

እጄን በተመለከተ የምነግራችሁ ጥሩ ወሬ ብቻ አይደለም። ኦክሳሊፕላቲን ነርቭ ይጎዳል። ከስምንተኛው ዙር በኋላ ጣቶቼ በብርድ ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ መደንዘዝ ጀመሩ። ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ለሐኪሜ ስነግራቸው ወዲያው መጠኑን ቀነሱት፣ በኋላም እሱን አቁመው በሌላው ብቻ ጨረስኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው በመጀመሪያው ቀን፣ አልረሱትም ነበር። መደንዘዝ ከጀመራችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። «ኬሞዬን ይቀንሱብኛል» ብሎ መደበቅ እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔም ለአንድ ዙር ደብቄያለሁ። ማድረግ አልነበረብኝም።

ሕክምናውን ከጨረስኩ አራት ወር ሆነኝ። መደንዘዙ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ወራት ሊብስ እንደሚችል ነግረውኝ ነበር፣ ብሶም ነበር። አሁን ቀለል ብሏል። እግሬ ሥር ግን አሁንም አሸዋ የረገጥኩ ይመስለኛል። ስለዚህ ስራመድ ታች ታች አያለሁ፣ ሶሉ ወፍራም ጫማ አደርጋለሁ፣ ጨለማ ውስጥ አልሄድም። በየጠዋቱ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት እሞክራለሁ። አምስት ሙከራ፣ ከዚያ አይበልጥም። ደብተሩ ላይ ለዚያም ዓምድ አለው። ካቻምና ዓይኔን ሳላነሳ የማደርገው ነገር ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ተሳክቶልኛል። ዛሬ አልተሳካልኝም። የስፌት መኪናውን ግን በሚገባ እነዳለሁ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ይወጣልኛል። የእጅ ሥራውን ልጄ ትጨርስልኛለች።

ከ11 ቀን በኋላ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን አለኝ። እፈራለሁ። ሌሊት እነቃለሁ፣ ጎኔን ሲወጋኝ «ይኸው መጣ» እላለሁ። ይህ ፍርሃት ይጠፋል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም ለማንም አልነግርም። በእነዚህ ሌሊቶች ተነስቼ መብራት አበራና ከአልጋ እስከ መስኮት እሄዳለሁ። የእኔ መኝታ ክፍል ጠባብ ነው፣ ስድስት እርምጃ ብቻ ናት። እሷንም እጽፋታለሁ።

አሁን ልጄ በር ላይ ተንበርክካ የጫማዬን ክር እያሰረችልኝ ነው። ዛሬ 45 ደቂቃ ነው ያለን። ነገ የደንበኛ ቀሚስ አስረክባለሁ።